ስንት ሆነ?

ባባቶሽ ጡረተኛው፣ የኔ ቤት አከራይ፣
ልጁ ወለደችና ሄደ የልጅ ልጁን ሊያይ፤
የአንዱን ክፍል ኪራይ የአንድ ወር ማረልኝ፣
«ዓሦቼን ጠብቅና» ብሎ ቁልፍ ሰጠኝ።

ስድስት መልአክ ዓሣ፣ ክንፋቸው ረጅም፣
ይመጣሉ ወደ ጣት፣ ድምፅ ግን የላቸውም።

«ዘሩ ከአማዞን ነው፣ ሙቀት ነው አገሩ፣
ግን ሙቀትም እንደ ጨው ልክ አለው ነገሩ፤
ሀያ ሰባት ይበቃል፤ ሠላሳን ከዘለለ
ውሃው ባዶ ይሆናል፣ ትንፋሹ ጎደለ»
አለና ጣቱን ቴርሞሜትሩ ላይ ጣለ።
«ማታ ማታ እደውላለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤
ስንት ሆነ? ብቻ ነው።»

ሦስት ቀን ደህና ነበር።

በአራተኛው ቀን ግን፣ በኮልካታ ሰፈር፣
አስፋልቱ ጫማ ያዘ እንደ ክፉ ብድር፤
ትራሙ መሀል መንገድ በሬ ሆኖ ተኛ፣
መብራት ሄደ ከእኛ።
የጣሪያው ማራገቢያ ሦስቴ ዞሮ ተወው፣
አረፋ የሚተፋውን ሞተር እንቅልፍ ወሰደው።
ቴርሞሜትሩ ቀይ ምላሱን አወጣ፤
ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት፣ የሚያቆመው ታጣ።

ክዳኑን አነሳሁ፣ መጋረጃ ዘጋሁ፣
በእርጥብ አንሶላዬ መስታወቱን አለበስሁ፤
በፈተና ወረቀት፣ በአርባ ሁለት ውጤት፣
አራገብሁ ውሃውን እንደ ትኩሳተኛ ፊት።
(ያ ወረቀት ለአንድ ነገር ሲጠቅም የመጀመሪያው ነው።)
በኩባያ ቀድቼ ከላይ አፈሰስሁት፣
አየር ይዞ ይውረድ ብዬ ደጋገምሁት፤
ክንዴ ዛለ። ስድስት አፍ ተደርድሮ ከውሃው በላይ
እንደ ለማኝ መዳፍ ተከፈተ ወደ እኔ ሰማይ።

ስልኩ ጮኸ። «ስንት ሆነ?»
«ሀያ ሰባት» አልሁት፣ ጉሮሮዬ ታፈነ።
«ጎሽ!» አለኝ።
ስለ ልጅ ልጁ አላነሳ፣ እኔም አልጠየቅሁት፤
ሠላሳ ሦስት ዲግሪ በጨለማ ዋሸሁት።

ንጋት ላይ ገበያ፣ ዓሣ ተራ ሮጥሁ፣
በረዶ ፍለጋ በጭቃው ተንሸራተትሁ።
ካዶምቢኒ አለች፣ ስለቱን በእግሯ ረግጣ
ዓሣውን ወደ ቢላዋው በእጇ የምታመጣ።
«ስንት ኪሎ?» አለችኝ፣ አንዱን በጎኑ ገልብጣ።
«ዓሣ አይደለም፣ በረዶ።»
«ለምን?»
«ለዓሣ።»
«ለሞተ?»
«ላልሞተ።»
ሳቀች። የጎረቤቷ ሚዛን እስኪንገጫገጭ ሳቀች፦
«አርባ ዓመት በረዶ ላይ ዓሣ አጋድሜያለሁ፣
ለሕያው ሲገዛለት ዛሬ ገና አየሁ!»

እውነቷን ነው። ያጋደመችው ሁሉ በሰልፍ ተኝቷል፣
ዓይኑ እንደ ተከፈተ ሐሳብ አልቆለታል፤
የሞተው በነጭ አልጋ ላይ ይቀዘቅዛል፣
የኔዎቹ ግን ይቀቀላሉ፣
በሕይወት ስላሉ።

ገንዘቤን አልነካችም። ብቻ እንዲህ አለችኝ፦
«እንዲሁ እንዳትጨምረው፤ ጨው አለው፣ ደም አለው፣
በጠርሙስ አሽገህ ቀስ ብለህ አውርደው፤
ድንጋጤም እንደ ሙቀት ገዳይ ነው።»
ይህን ከማን እንደ ተማረች አልጠየቅሁም።

በጆንያ ያዘልሁት በረዶ አለቀሰ መንገድ ሙሉ፣
ከኋላዬ ሦስት ውሾች ጠብታውን እየላሱ ተከተሉ።

በሰዓት አንድ ዲግሪ። ጠርሙሱ ተንሳፈፈ፤ መጀመሪያ ሸሹት፣
ከዚያ እንደ ለቅሶ ቤት ዘመድ ቀስ ብለው ከበቡት።
ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ አንድ። ቀኑ ሲጋመስ ሠላሳ።
አምስቱ ወደ ታች ወረዱ። አንዱ ግን ክንፉን አላነሳ።
በማንኪያ አወጣሁት።
ይቀዘቅዛል ብዬ ነበር፤ ሞቃት ነው፣
አሁን የተነሣ ሰው ትራስ ይመስል።

ማታ መብራት መጣ። ማራገቢያው እያጉረመረመ ዞረ፣
ሞተሩም አረፋውን መትፋት ጀመረ።

ስልኩ ጮኸ።
«ስንት ሆነ?»

ሀያ ስምንት ነበር። ደግ ቁጥር፣ እውነተኛ ቁጥር፣
ሳልዋሽ፣ ሳልፈራ የምለው ነበር።

«አምስት» አልሁት።

ከሽቦው ወዲያ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁ።
ባባቶሽ ዝም አለ።
ዝም አለ።
ኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ትንሹ ነው?» አለ።