የተነሣችው መስመር

ስሜ ሊጋያ ነው። በእናቴ ቋንቋ ደስታ ማለት ነው፤
በዚህች ደሴት ግን፣ ከኮዲያክ ወዲያ፣ ጭጋግ በወረሰው ዳርቻ፣
ፖስታ ቤት ማለት ነው ትርጉሙ፤ ፖስታ ቤት ብቻ።
ቴምብር እሸጣለሁ፣ እመዝናለሁ፣ እጠይቃለሁ፦
«ፈሳሽ አለው? ተሰባሪ? የሚበሰብስ? የሚቀጣጠል?»
ሰውም ዓይን ዓይኔን እያየ «ኧረ የለውም» ይላል፣
ሽቶውን በካልሲ ጠቅልሎ።
አንዱማ ለአክስቱ ሠርግ ርችት ልኮ ነበር፣
ከላዩ «መጽሐፍ» ብሎ።

የካቲት ሲያልቅ ከዋናው ቢሮ ደብዳቤ መጣ
(ለፖስታ ቤትም ፖስታ ይመጣለታል)፤
ካፖርቴን ሳላወልቅ አነበብኩት፤ እንዲህ ይላል፦

«የአደገኛ ዕቃ መለያን በተመለከተ የተሻሻለ ደንብ።
ቀይ ሰረዙ እንደ ድሮው ዙሪያውን ይከበብ፤
ባትሪው ይኑር፣ ነበልባሉም ይኑር፤
ከግርጌ ያለችው የስልክ ቁጥር መጻፊያ መስመር
ተነሥታለች። ከእንግዲህ አታስፈልግም።
አሮጌው ተለጣፊ ተቆጥሮ ይወገድ።»

ቆጠርኩ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።

ማትፌ አይዋሽም።
በወር አንዴ፣ ማክሰኞ፣ በረዶውን ከቦቲው ሳያራግፍ ይገባና
«አደገኛ ነው» ይለኛል፣ አፌን ሳልከፍት ገና።
ሬዲዮ ነው፤ የሸርጣን አጥማጆች የእጅ ሬዲዮ፣
ጨው በልቶት ዝም ያለ፣
እሱ ጠግኖት፣ ባትሪው ከሆዱ እንዳለ፣
ማዶ ላለው ለልጅ ልጁ፣ ለኪሪል የሚልከው።
ከዚያ ብዕሩን ያወጣል፤
መለያው ግርጌ፣ ባዶዋ መስመር ላይ፣
መዝገብ እንደሚፈርም ሰው ተጠንቅቆ፣
የቤቱን ስልክ ይጽፋል።

ያን ስልክ የምታነሣው አጋፍያ ነበረች።
ደንቡን ካወጡት ሰዎች አብልጣ ታምነው የነበረች።
«ሰማይ ላይ ቢቃጠል የሚደውሉት ለእኔ ነው» ትላለች፤
ፖስታ በሚበር ቀን ከቤት ንቅንቅ አትልም፤
ቤሪ ለቀማው ይቅር፣ ቡና ጠጡም ይቅር፣ ጎረቤት ይታዘባት፤
ወንበሯን ከግድግዳው ስልክ ሥር ስባ መረብ ትጠግናለች፤
ትንሿ አውሮፕላን ጭጋጉን ቀድዳ፣ ወሽመጡን ተሻግራ፣
ማዶ እስክታርፍ ትጠብቃለች።
አሥራ አንድ ዓመት።
አንድም ቀን አልተደወለም።
እንዲህም ያለ ሥራ አለ፤ የሚታወቀው ምንም ሳይሆን ሲቀር ነው።

ባለፈው ጥቅምት ቀበርናት። መሬቱ ሳይጠጥር በፊት።
ማትፌ ቁጥሩን መጻፍ አልተወም።
እኔም «ማን ያነሣዋል?» አላልኩትም፤
የታዘዝኩት ጥያቄ አራት ነው፤
አምስተኛውን ማን ፈቀደልኝ?

ዛሬ አዲሱን ለጠፍኩለት።
ብዕሩን ይዞ ቀዩን ሰረዝ በዓይኑ ዞረው፣ ደግሞ ዞረው።
«መስመሯስ?»
«ተነሥታለች። አታስፈልግም ብለዋል።»
«ለማን?»
መመሪያውን ገለጥኩ። ገጽ አራት። ገጽ አምስት።
ለማን እንደሆነ አይልም።
ብዕሩን ከደነው፤ የቱ ኪስ እንደሚከተው ጠፋው፤
በመጨረሻ እንደያዘው ወጣ።
ደረሰኙ ከሚዛኑ አጠገብ ቀረ።

አሮጌዎቹን እንደታዘዝኩት አስወገድኩ፦
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ባዶ መስመር፣
ማንም ያልተጠራባቸው።
ያን ቁጥር ግን ምን አድርጌ ላስወግደው?
ስንቴ ማኅተም መትቼ አጠገቡ፣
በቃሌ ይዤዋለሁ ሳላስበው።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት አብራሪው ከማዶ በሬዲዮ ተናገረ፤
ነፋሱን ተሳደበ፣ ከዚያም ሳቀ።
እኔም ከደንቡ ገጾች ሁሉ በአንዱም የሌለ ነገር አደረግሁ፤
ደወልኩ።

አንዴ ጠርቶ ሳይጨርስ ተነሣ።
«ተቃጠለ?»
«አልተቃጠለም ማትፌ። አረፈች፤ በሰላም፤ አሁን።»
ዝም አለ። ወንበር ወለል ሲጭር ሰማሁ።
«አዎ» አለ። «አረፈች።»

ሁለታችንም ቶሎ አልዘጋንም።
ኋላ ጉሮሮውን ጠረገና፣
«ደረሰኜን ረስቻለሁ» አለኝ።