ዳስ

ኩታይሲ ይዘንባል። ዡዡና ወጥ ቤቷ፣
እንደ ጋሪ ፈረስ በመነጽር ተጋርዶ ፊቷ፣
በቤት ጫማ ሆና ብሬመን መግባቷ!

ጋጋሪው ቆሟል እዚያ፣ የማይታክት ሰው፣
«ዴር ብሮት» ብትለው፣ ወደ «ዳስ» መለሰው።
አሥር ጊዜ ብትስት፣ አሥር ጊዜ ሳቀ፤
ወረፋም የለበት፣ ዳቦውም አላለቀ።

በሷ ቋንቋ «ኢስ» ይበቃል፣ ለወንዱም ለሴቷ፣
ለዝናቡ፣ ለድስቱ፣ ለሞተው አባቷ፤
እዚህ ግን ሦስት ነው፤ ጭራሽ ትንሽ ልጅቷ
ከዳቦው ጋር «ዳስ» ናት። ምንድን ነው ጥፋቷ?

ያቺ የልጅ ልጇ፣ ያቺ የስልኳ ታምታ፣
አራት ዓመት ሞላት፣ በጀርመንኛ አፏን ፈትታ።

ዳቦውን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ
ጨው ተደፋ።
«ኤንትሹልዲጉንግ» አለች፣ ሳትስት፣ ሳትሰጋ።
ማንን ይቅርታ እንዳለች፣
እንጃ።