የውሃ ዓይን

ኩይሰብ ወንዝ ይሉታል፤ ከስሙ በቀር አይፈስ፣
ክንድ ሙሉ ቢምሱት፣ አሸዋው አይርስ።
ዊልሄልሚና አህያዋን ይዛ ናራ ለቀማ ስትወጣ
ጎህ አልቀደደም ገና፤ ጉም ነው፣ ከባሕር የመጣ።

ከናራው እሾህ ሥር፣ ከመዳፏ የማትበልጥ ጌኮ፦
ቆዳዋ የሽንኩርት ልጣጭ፣ አንጀቷን የሚያሳይ፤
እግሯ የዳክዬ፣ አሸዋ የሚቀዝፍ፤
ሌሊቱን ሸረሪት ስታሳድድ አድራ
ፀሐይ ሳትቀድማት ጉድጓዷ ልትገባ፣
ቆም አለች።

ዓይኗ ቆብ አልተሠራለትም። አይከደንም።
ጉሙ እዚያው ላይ ጤዛ ሆኖ ሲያቀር
ምላሷን መዘዘች፣
ላሰችው፤
ጠጣች፣ ከገዛ ዓይኗ።

«እኛ የውሃ ዓይን ፍለጋ
ስንቆፍር አረጀን» አለች ሴትዮዋ።
ስትስቅ ነፋሱ አስነባት፤
እንባዋን ከከንፈሯ ላይ ቀመሰችው፦
ጨው።

አህያዋን ነዳች።