ይደር

እኔ የከተማው ቃለ ጉባኤ ያዥ፣
ድምፅ የማልሰጥ፣ የሰው ድምፅ አጓጓዥ፣
በካንሳስ ሜዳ ላይ፣ በዊሎ ቤንድ መንደር፣
ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ የኖርኩት ነገር፣
ሲጠቀለል አንድ ቃል ነው፦ «ይደር»።

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ወለሉ ገና ሰም ሰም ይሸታል፤
የኦዴሳ ፍሪሰን ካርታ በግድግዳው ላይ ይበራል።
የትንበያ ጣቢያ ሰው ናት፤ ማልዳ ፊኛ የምትለቅ፣
ሰማይ ምን እንዳሰበ ራሱን ሰማይን የምትጠይቅ።
«በደቡብ» አለች፣ «ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣
ሰማንያ ስድስት ተጎታች ቤት፣ ሁሉም ከሥሩ ባዶ።
የኛ ሳይረን እዚያ አይደርስም። ስልኩ ይጮኻል በእንግሊዝኛ፤
እነሱ ልጅ የሚያባብሉት፣ ለቅሶም የሚደርሱት በኪቼኛ።»

ዋልዶ ሽሮክ፣ ሰብሳቢው፣ መነጽሩን አወለቀ፤
«ስንት ነው ታዲያ ዕድሉ?» ብሎ በጨዋ ደንብ ጠየቀ።
«በዚህ ጸደይ፣ በዚህ አውራጃ፣ ከመቶ ሰላሳ።»
አንዱ ሰባውን ብቻ ሰምቶ እፎይ አለ፤
ሌላው አምና ተብሎ የቀረውን በረዶ አወሳ፤
ሦስተኛዋ የመዋኛ ገንዳውን ስንጥቅ አስቀደመች፣
«ልጆቻችን በጋውን የት ይዋሉ?» ብላ ተቆጣች።
ለሳይረኑ ሃያ ስምንት ሺህ፤ የመጠለያው ገና ያልተቆጠረ።
አራት ለሦስት። ጻፍኩ፦ «ይደር»።
ይደር የተባለውም አደረ።

ሚያዝያ መጣ።
አንድ ከሰዓት ሰማዩ ዝጎ እንደ መዳብ፣
አረንጓዴ ሆነ ያለ ዝናብ።
«ግቡ! አሁን ነው!» አለች ኦዴሳ፤ ሳይረኑ በሰሜን አጓራ፤
የሰሜን ሰው ውሻውን ይዞ ምድር ቤት ወርዶ ሬዲዮ አበራ።
የደቡቡ ስልክ ጮኸ፣ ጮኸ፤ ምን እንዳለ ግን አልተናገረም።
ኤልፒድያ ቹክ ከሥጋ ፋብሪካው ፈረቃ መግባቷ ነበር፤
ሦስት ልጅ፣ አንዲት የጎረቤት አሮጊት ይዛ፣ ከመንገዱ ሥር፣
በጎርፍ መውረጃው ቱቦ፣ እስከ ጉልበቷ በጭቃ፣
አደረች፣ የነፋሱን ፍርድ ጠብቃ።

ነፋሱ ግን ስድስት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ዞረ።
አንድ ባዶ ጎተራ ሰልቅጦ ወደ ምሥራቅ በረረ።

ጠዋት ከተማው ሳቀ። በነዳጅ ማደያው፣ በፀጉር ቤቱ፣
«የኦዴሳ ሰላሳ» የሚል ቀልድ ተወለደ በዕለቱ።
ቢመጣ፣ «ቀድመሽ አልነገርሽን»፤ ቢቀር፣ «ዋሽተሽናል»፤
የትንበያ ሰው እንዲህ ነው፣ በሁለቱም በር ይባረራል።

በሳምንቱ ያው አዳራሽ፣ ያው አጀንዳ፣ ያው ብዕር።
ኤልፒድያ መጣች፤ ጫማዋ ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር።
ልጇ ቆማ ተረጎመች፤ አሥር ዓመት አይሞላትም፤
«እናቴ ትጠይቃለች፦ ዕድሉ ሰላሳ ከመቶ ከሆነ፣
እኛ ከሰላሳው ነን ወይስ ከሰባው? ማን ነው የወሰነ?»

ኦዴሳ ቀና አለች። ለነፋስ መለኪያ አላት፤
ለነፍስ ቁጥር ፈልጋ፣ ከከንፈሯ ጠፋባት።
«የኔ ሰላሳ የሰማይ ነው» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፤
«ምድር ቤት ለማን እንደሚደርስ ግን ሰማይ አልደለደለም ከፍሎ።»

ዋልዶ መነጽሩን ጠረገ። ጠርጎም ደግሞ ጠረገው።
ሰዓቱ ሄዷል ተባለ፤ አራት ለሦስት፤ ያው የለመድነው።
የኔ ቅጽ ዓምድ አለው፦ አቅራቢ፣ ደጋፊ፣ ውሳኔ፤
ለልጅ ጥያቄ ቦታ የለውም፤ ቅጹን ያወጣሁት እኔ።

«ይደር» ብዬ ጻፍኩ። ከሐዲዱ ማዶ ይመሽ ነበር።
ከቃሉ ጎን፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ድምፅም ሳልቆጥር፣
በትንሽ ፊደል ጨመርኩ፦
«የት?»