የዩፋም መልስ

መጽሐፉ የመጣው በዱቄት በርሜል ነው፣
ውቅያኖስ ያሻገረው፣ ጨው የቀመሰው።
ቆዳው እንደ አሮጌ ጫማ ተጨማዶ፣
ጅማቱ ላልቶ፣ ጠርዙ ተቀዶ።
ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ሃሊፋክስ በብርድ
እየተንቀጠቀጠች። ሥራዬ አይደለም ፍርድ፤
ጠራዥ ነኝ። ሙጫና መርፌ ነው እጄ ላይ፤
የተቀደደ እሰፋለሁ፣ ማን እንደጻፈው ሳላይ።

የኒው ባልክሬግ ሰዎች፣ ቤተ ክርስቲያናቸው
ሊሸጥ ነው፤ አሥራ አንድ ምእመን ነው የቀራቸው፤
ከምድር ቤት፣ ከቦይለሩ ኋላ
አገኙት፤ ዳር ዳሩን አይጥ የበላ።
የሰበካ ቃለ ጉባኤ ነው፣ የድሮው ባልክሬግ፣
በስኮትላንድ፦ አንድ ድልድይ፣ አንድ ወፍጮ፣ ብዙ ሕግ።

ዋሸሁ። ስሰፋ አነባለሁ፤ ልማድ ሆኖብኛል።
በወረርሽኙ ዓመት ድልድዩ ተዘግቷል፤
አንዱ በሰርግ ላይ ዋሽንት ነፋ ተብሎ
ተቀጣ፤ ሌላው በስብከት እንቅልፍ ጥሎት ውሎ።
ከድሆች ሣጥን ውስጥ፣ ሲከፈት ለዓመቱ፣
የተሸረፈ ሳንቲም፣ አዝራር፤ የማን ይሆን ሀብቱ?

ሺ ስድስት መቶ አርባ ዘጠኝ። መስከረም።
ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናቡ አይቀርም።
የዩፋም ራትሬይ ባል ዘምቶ አልተመለሰ፤
ገብሱ ሜዳ ላይ ነው፤ ደመናው ደረሰ።
እሑድ ነው። ደወሉ ሲደወል ለጸሎት
እሷ ነዶ ታስገባለች፣ ወደ ጎተራው ቤት።
አምስት ሽማግሌዎች፣ ቆመው ከአጥሯ ማዶ፣
ቆጠሩ፦ አንድ ነዶ፣ ሁለት ነዶ፣ ሦስት ነዶ።

ጸሐፊው ፓትሪክ ኪኔር፣ ፊደሉ ያማረ፣
ላባውን ነክሮ እንዲህ ሲል አሰፈረ፦
«ዩፋም የተባለችው፣ ሰንበት ስለ ሻረች፣
ማቅ ለብሳ ሦስት እሑድ በሕዝብ ፊት ትቆማለች፤
አሥር ሽልንግ መቀጮ፣ ለድሆች ሣጥን።
ተጠየቀች፤ መለሰች።» ምን ብላ? አልነገረን።
መስመሩ ባዶ ነው። ቀለም አልፈሰሰም፤
አይጥ አልነካውም፤ ብልም አልደረሰም።
ኪኔር ላባውን ለአፍታ አንሥቶ፣
ሰምቶ፣
ተወው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል
ይላሉ። እውነት ነው። ግን ማን ይጠይቃል
ብዕሩ በማን እጅ እንደ ነበር? ነውሯ ተወረሰ፤
ቃሏ ከአፏ ወጥቶ ከአጥሯ አልደረሰ።
ምን አለች ይሆን? «እሑድ ሆድ አይራብም ወይ?»
«ባሌን የወሰዳችሁት ሰኞ ነበር ወይ?»
ወይስ ዝም ብላ፣ ጭድ ከጸጉሯ ለቅማ፣
አንድ በአንድ መሬት ላይ ጣለችው፣ ቆማ?

ሐሙስ ዕለት ሙጫውን በእንፋሎት አላልቼ፣
የሽፋኑን ሥር ወረቀት ገለጥኩት በጣቶቼ።
የሒሳብ ቅጠል ነው፣ ለመደገፊያ የዋለ፤
በዚያው በኪኔር እጅ፣ ግን የቸኮለ፦
«ጥር። ለመበለት ራትሬይ፣ ለአጃ ዱቄት፣
አሥር ሽልንግ ተሰጠ፣ ከሣጥኑ፣ በሌሊት።»

አሥር። ያችው አሥር። በመስከረም ገብታ
በጥር ወጣች፣ ምጽዋት ተብላ ተጠርታ።
ሳቄ መጣ። ከዚያ ግን ሳቁ አልሆነልኝም።
ኪኔር መልሷን ይዞት ይሆን? እኔ አላውቅም።

እሑድ መጽሐፉን ይዤ፣ ሁለት ሰዓት ነድቼ፣
ኒው ባልክሬግ መግቢያ ላይ፣ በረዶ ውስጥ ገብቼ
ቆምኩ። የመንገድ ጠራጊው መኪና መጣ፤
ቢጫ መብራቱ ከጉሙ ቀድሞ ወጣ።
ነጂው ወረደ፣ አካፋውን ተመርኩዞ፤
«ዱጋልድ ራትሬይ» አለኝ፣ ጢሙ በረዶ ይዞ።
«እሑድም ትሠራለህ?» አልኩት፣ ሳላስበው።
«በረዶውን» አለ፣ «ቀኑን ማን ጠየቀው?»

ከጎማዬ ሥር ዛቀ፤ ወገቡን ደፋ፤
ሳላውቀው እቆጥራለሁ፦ አንድ አካፋ፣ ሁለት አካፋ፣
ሦስት።

መጽሐፉ ከጎኔ ነው፣ ቀበቶ ታስሮለት።
ባዶው መስመር ባዶ ነው። አልጨመርኩበት።