ገጽ ዘጠኝ ላይ ያለው ወንዝ

ቀትር ነው። ከዚራ ሱቁን ሁሉ ዘግቷል፤
የኒሙ ጥላ እንኳ ግንዱ ሥር ተኝቷል።
ባጃጄን አቁሜ፣ ሽርጤን አገልድሜ፣
ሲሚንቶው ወለል ላይ በጀርባ ተጋድሜ፣
ዓይኔን ልከድን ስል መጣች መጽሐፍ ይዛ፣
ከአንዲት ሸለብታዬ ግማሿን ልትገዛ።

መጽሐፉን ያገኘሁት ቀፊራ ገበያ፣
ከጫማ ክምር ሥር፣ ከሰልባጅ ጆንያ።
ሽፋን የለውም፤ ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤
መጨረሻውም የለም፤ ማን ለውዝ እንደጠቀለለበት አላውቅም።
ውስጡ አንድ ትንሽ ልጅ አለ፣ ከሥዕል ወደ ሥዕል ሲዘል፣
እንቁራሪቷንም ደመናውንም «ለምን?» የሚል።

ረምላ ግን አፉን ከፍቶ እስኪጨርስ አትጠብቀውም፤
የሱ «ለምን» ለሷ ለቁርስ እንኳ አይበቃትም።
«አባ፣ ይሄ ልጅ ጫማውን ለምን አያወልቅም ሲተኛ?
አባቱስ የት አለ? ባጃጅ አለው እንደኛ?
ዝንብ ፊደል ላይ ስታርፍ ታነባለች ወይስ ትልሳለች?
ጨረቃስ ቀን ቀን፣ እንደ አጎቴ ጃፈር፣ የት ገብታ ትቅማለች?»
እኔም እመልሳለሁ፤ ግማሹን እውነት፣ ሩቡን ከራሴ፣
የቀረውን በእንቅልፍ፣ ሳይንቀሳቀስ ምላሴ።

ገጽ ዘጠኝ ደረስን።
አንድ ሰማያዊ ነገር ገጹን ሞልቶ፣
ከዳር እስከ ዳር እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ፣
ልጁም እግሩን ውስጡ ከቶ።
«ይሄ ምንድነው?»
«ወንዝ ነዋ።»
ሳቀች። ትልቅ ሰው ሲሳሳት ልጅ የሚስቀውን ሳቅ፣
ለሌላ አልነግርብህም የሚል፣ የሚራራ፣ የሚጠነቀቅ።

«አባ፣ ወንዝማ አሸዋ ነው።
ወንዝማ ደቻቱ ነው፤
ፍየል የሚተኛበት፣
ናስር ኳስ የሚመታበት፣
ሴትዮዋ ሐብሐብ የምትሸጥበት፣
አንተ ድልድዩ ሲጨናነቅ ባጃጅህን የምትነዳበት።
ይሄ ሰማይ ነው።
ወድቆ ነው?»

ወንዝ ውሃ አለው አልኳት፣ ጎኔን እያከክሁ።
«የደቻቱስ ታዲያ የት ሄደ?»
ሄዷል፤ ይመጣል፤ አልኳት። ዝም በይና ተኚ ማለቴ ነበር።
«ሲመጣ ይነግረናል?»

እንቅልፌ በነነ።

አልነገረንም። ሌሊት ነበር፤ እኛ ዘንድ ጠብታም አልነበረ፤
ሰማዩ ደንገጎ ላይ ነበር የተሰበረ።
እናቴ ፋኖስ ስትፈልግ፣ እኔ በሩ ላይ ስቆም፣
ድምፁ የባቡር ድምፅ ነበር፤ ባቡር ግን በዚያ ሰዓት አያልፍም።
ሱመያ እህቴ፣ አራት ዓመቷ፣
ከአንሶላ ሥር ብቅ ብላ አንገቷ፣
«ምንድነው የሚጮኸው?» አለችኝ።
«ባቡር ነው፤ ተኚ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ የለኝም። ተቀዷል።

ልጄን «አሸዋ» ብላ በዓረብኛ የሰየመቻት እናቴ፤
ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ አልደፈረም አንደበቴ።

ቀና ስል፣ ረምላ መልሴን ከነጭራሹ ትታዋለች፤
ሰማያዊውን ወንዝ በቡናማ እርሳስ ትፈትገዋለች፤
ምላሷን በጥርሷ ይዛ ፍየል ታስተኛበታለች፤
ሐብሐብ ትደረድራለች፤
ሦስት ጎማ ትስላለች፤ እኔ መሆኔ ነው።
ግን ቡናማው አልሸፈነውም፤ ከፍየሏ ሆድ ሥር፣ ከጎማዎቹ መሐል፣
ሰማያዊው አድፍጦ ያያል።

«ከታች ተኝቷል ማለት ነው?»
«አላውቅም» አልኳት።
ለሷ «አላውቅም» ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ፤
እርሳሷን አቁማ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።
«አላውቅም። ማታ ሲቀዘቅዝ ወርደን፣ ቆፍረን እናየዋለን።»
«በማንኪያ?»
«በማንኪያ።»

መጽሐፉን ደረቴ ላይ ከድና ራሷን ክንዴ ላይ ጣለች፤
ማዛጋት የቆራረጠው አንድ ጥያቄ አስከተለች፦
«አባ፣ አንተ ተኝተህ እኔ የሆነ ድምፅ ብሰማ፣ ልቀስቅስህ?»
«ቀስቅሺኝ።»
ትንሽ ቆየሁና፣
«ባቡርም ቢሆን ቀስቅሺኝ።»