ባቡር የገባበት ቅጂ

መጀመሪያ የቀዳነው በስልሳ አምስት፣ ሐምሌ ነበር፤
አዳማ፣ ከጣቢያው ጀርባ፣ ሆቴሉ ዕቃ ቤት፣ ፍራሽ ወጥረን በበር፣
አንዷን ማይክራፎን ከመጥረጊያ እንጨት አስረን።
ዋቅቶላ ሳክስፎኑን ነፋ፤ እኛም ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን።
ሁለተኛው ዙር አልቆ፣ ከንፈሩን ገና ሲያላቅቅ
የድሬው ባቡር ጮኸ፣ ቆርቆሮው እስኪሰነጠቅ!
ቴፑን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ላቆም ስል በዓይኑ ገሠጸኝ።
ፊሽካውን ከተወበት ተቀብሎ
ዘፈኑ ውስጥ አስገባው፣
እንደ መሸበት እንግዳ፣ «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ።

በካሴት የወጣው ሌላ ነው።
ሰዓት እላፊ ነው፤ አብዮት ጥበቃው በር በር ያደምጣል፤
የክፍሎም ከበሮ ባለቤት የለውም፤ የት ሄደ ብሎ ማን ይጠይቃል?
ዋቅቶላ ከነሐሱ ጉሮሮ የልጁን ካልሲ ወትፎ
ለራሱ ብቻ ያህል ተነፈሰ፣ ግድግዳ ተደግፎ።
ዛሬም ካሴቱን የሰማ «እንዴት ለስላሳ ነው!» ይለኛል፤
ካልሲ ነው ልለው እልና፣ ምላሴን ይይዘኛል።

አምና ደግሞ ፍራንኮ፣ አንድ ልጅ፣ ኮምፒውተር ያለው፣
«ጋሼ፣ እንደገና እንቅዳው፣ በንጹሁ» አለው።
ክፍሉ ስፖንጅ ለብሷል፤ ባጃጅ አይሰማ፣ ጋሪ አይሰማ፣ ነፋስም።
ሽማግሌው ነፋ። ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ ቆመ፤ አልደከመም።
ጠበቀ።

(አሮጌው ሐዲድ ላይ አሁን የሚሰጣው በርበሬ ነው።)

ልጁ ስክሪኑን በጣቱ ነካ፤
«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ባዶ ነው፤ ልቁረጠው?»
ዋቅቶላ ማዳመጫውን ከጆሮው አላነሳም፤
«ተወው» አለ፣
«ድሮም ይዘገይ ነበር።»